ባለመብራቶቹን ማን ነካቸው

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ ጠዋት አንድ ባለመብራት የዓሣ ገንዳው ማጣሪያ አፍ ላይ ተለጥፎ ሞቶ አገኘሁ። ባለፈው ሳምንትም አንድ ሞቶ ነበር። ያኔ "ዓሣም ይሞታል" ብዬ አልፌው ነበር፤ ዛሬ ግን ቆም ብዬ አየሁ። ገንዳው ውስጥ ባለ ረጅም ጭራዎቹ አሉ፣ ከታች አሸዋ የሚልሱት ባለጢሞቹ አሉ፣ ያ ጠፍጣፋው ኩራተኛ ባለክንፍም አለ። ሁሉም ደህና ናቸው። ይበላሉ፣ ይባረራሉ፣ ይጣላሉ። የሚሞተው ባለመብራቱ ብቻ ነው።

ባለመብራት የምንላቸው እነዚያን የጣት ጫፍ የሚያካክሉትን፣ ጎናቸው ላይ ሰማያዊ መስመር እንደ አምፖል የሚበራላቸውን ነው። ስሙን ያወጡት የሕንፃው ልጆች ናቸው። ነዋሪው ተስማምቶ ገንዳውን መግቢያው አዳራሽ ውስጥ ሲያስቀምጥ "ማን ይጠብቀው?" ተባለ፤ እጄን አወጣሁ። ጡረታ የወጣ ሰው ሌላ ምን ሥራ አለው?

ዕድሜዬን የፈጀሁት ጉምሩክ ውስጥ የሰው ሻንጣ ስከፍት ነው። ከተደረደሩት ሻንጣዎች አንዱ ብቻ ከከበደ፣ ያለ ምክንያት እንዳልከበደ አውቃለሁ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። "አርጅቶ ይሆናላ" አለች፣ ሳህኗን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ። "ጠግቤያለሁ፣ ጨርስልኝ።" ጨረስኩላት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ሌላ ሞተ። ዘበኛውን አነጋገርኩት። በር ሲያልፍ ጎንበስ ስለሚል ሁላችንም ረጅሙ ነው የምንለው።

"ገንዳው ላይ የምትጥለው ነገር አለ? ዳቦ፣ የሲጋራ አመድ?"

"ጋሼ፣ እኔ ሲጋራ ካቆምኩ ልጄ ትምህርቷን ጨርሳ አገባች።"

"የወለል ማጽጃውስ? ስትወለውል አይረጭም?"

"ቢረጭ ሁሉም አይሞቱም? ማጽጃ ዘር ይመርጣል እንዴ?"

ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው ያስጠረጠረኝ። መልሱን አስቀድሞ አዘጋጅቶ የጠበቀኝ ይመስላል።

"ደግሞስ ዓሣ ገድዬ ምን ላገኝ?" አለና ሳቀ። "ብገድልማ ጠብሼ እበላ የለ!"

እኔ አልሳቅሁም።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ባለክንፉን አውጥቼ ባልዲ ውስጥ ለየሁት። ትልቅ ነው፣ አፉም ሰፊ ነው። እሱ በባልዲ እያለ ግን ዛሬ ሌላ ባለመብራት ሞተ። አገላብጬ አየሁት፤ ንክሻ የለውም። ሰማያዊው መስመር መሃሉ ላይ ነጥቷል፣ ወገቡም ጎበጥ ብሏል። ስለዚህ ንክሻ አይደለም፣ መርዝ ነው።

ባለቤቴ ወርዳ አየችኝ። "ይሄን ፍጥረት ከባልዲ አውጣው እንጂ፤ ምን አጠፋ?"

"እስኪጣራ ነው።"

"እስኪጣራ ስንቱን አሰርከው አንተ!"

አብረን ወጣን። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስትደርስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። የእኛ ቤት አራተኛ ነው፣ ሊፍቱም ከቆመ ዘመን ሆኖታል።

"ምነው?"

"ምን አስቸኮለን? ቤቱ ጥሎን አይሄድ።"

እኔ ቀድሜያት ወጣሁ። ሻይ እየጣድኩ ስለ ውሃው አሰብኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ባለቤቴ ጠዋት ያንን ለሠርግ የምትለብሰውን ቡናማ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። "ወዳጄን ልጠይቅ" ብላ። ያለፈው ማክሰኞም ወጥታ ነበር። የትኛዋን ወዳጇን? አልጠየቅሁም፤ ሰው ሲጠየቅ ታሪክ ያበጃል፣ ዝም ሲባል ነው የሚሳሳተው።

ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ጋደም አለች። ቀሚሱን ወገቧ ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰብስባዋለች፤ እንደ ልጃገረድ ቀጥናለች።

"አምሮብሻል" አልኳት።

"አየህ" አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

ገንዳው ዛሬ ሰላም ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ትልቅ ነገር አየሁ! ተጽፎ ይቀመጥ።

ከሰዓት በኋላ ከሱቅ ስመለስ ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ፋርማሲስት ገንዳው አጠገብ ብቻዋን ቆማለች። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። በአንድ እጇ ነጭ ከረጢት ይዛለች፣ ሌላው እጇ ክዳኑ ላይ ነው። ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋለች። ሳል አልኩ። ብርግግ ብላ ዞረች፤ ዓይኗ ደም መስሏል።

"ምነው ልጄ፣ ዓይንሽ?"

"ምንም አይደል ጋሼ፣ አቧራ ነው።" ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

አቧራ! ረጅሙ አዳራሹን ዛሬ ጠዋት በውሃ አጥቦታል። አንዳንድ ኬሚካል ዓይን ያቃጥላል። መድኃኒት ከሰው ሁሉ ይልቅ በማን እጅ ይገኛል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

እራት ላይ ለባለቤቴ ስነግራት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"እሷን ተዋት።"

"ለምን?"

"ጥሩ ልጅ ናት። ተዋት ብያለሁ።"

እንዲህ ስትቆጣ ከስንት ዘመን በኋላ ሰማኋት። ከመቼ ወዲህ ነው ባለቤቴ ለዚያች ልጅ ጠበቃ የቆመችው?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ሁለት ሞቱ፣ በአንድ ቀን። ውሃውን ገሚሱን ቀየርኩ። ወገቤ ተሰብሯል።

ልጃችን ከምትኖርበት ከተማ ሦስተኛ ጊዜ ደወለች፣ በዚህ ሳምንት ብቻ። ድሮ በወር አንዴ ብትደውል ነው። ስልኩን ሳነሳው "አባዬ ደህና ነህ? እማዬን ስጠኝ" ትላለች። እናቷም ስልኩን ይዛ መኝታ ቤት ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል። ስትወጣ "ምን አለች?" እላለሁ። "ናፈቅሽኝ አለች።"

እኔስ አልናፍቅም?

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

የሰማሁትን ቃል በቃል እጽፋለሁ፤ ማታ ቢሆንም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከሰዓት በኋላ ሕንፃው ጸጥ ሲል፣ ከደረጃው ሥር የመወልወያ ዕቃ የሚቀመጥበት ጥግ አለ፣ እዚያ ተቀምጬ ገንዳውን ስጠብቅ ነበር። (ረጅሙ አይቶኛል። "ጋሼ፣ ወንበር ላምጣ?" አለኝ። ሰውየው ሚስጥር አያውቅም።) ከላይ የሴት ድምፅ መጣ። አንዷ ፋርማሲስቷ ናት። ሌላዋ ባለቤቴ።

"እስከ አሁን አልገባውም?" አለች ፋርማሲስቷ።

"አይ፣ እሱ ዓሦቹን ይዟል።"

"እትዬ፣ ይሄ ነገር እስከ መቼ ይደበቃል?"

"ተይው። እነሱን ይያዝ። እነሱን ሲይዝ እኔን አያየኝም።"

ከዚያ አንዳቸው አፍንጫዋን ጠረገች፤ ማን እንደሆነች አላየሁም።

ባለቤቴ ነገሩ ውስጥ አለችበት። ከእኔ ጋር ያረጀች ሴት! ዓሦቹ ምን አደረጓት? ከእሷ ይልቅ አዳራሹ ውስጥ መዋል ስላበዛሁ ይሆን? እንዲያ ከሆነ ጥፋቱ የእኔም ነው። ቢሆንም ፍጡር አይመረዝም።

ጎኔ ተኝታለች። ወይም የተኛች ትመስላለች። አተነፋፈሷ የተኛ ሰው አተነፋፈስ አይደለም።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ቦርሳዋን የከፈትኩት መነጽሬን ፍለጋ ነው።

መነጽሬ ደረት ኪሴ ነበር።

ባዶ የእንክብል ማሸጊያ አገኘሁ። ስሙ ረጅም ነው፣ አንብቤ አልጨረስኩትም። አሁን ሁሉም ገጠመልኝ! ፋርማሲስቷ ከሥራዋ የምታወጣውን መድኃኒት በጓሮ ትሸጣለች። ለባለቤቴ የምትሸጥላት የመቅጠኛ ነው፤ ቅጥነቷ ከዚያ ነው የመጣው። ማክሰኞ ማክሰኞ የምትጠይቃት ወዳጅም እሷው ናት። ጊዜው ያለፈበትን ደግሞ ገንዳው ውስጥ ትደፋዋለች። ባለቤቴ ያፈረችው በመቅጠኛው ነው፣ ስለዚህ ትሸፍንላታለች። ባለቤቴ ተታልላ እንጂ ክፉ ሆና አይደለም። ይህን ሳስብ እፎይ አልኩ።

ባለመብራቶቹ ብቻ ለምን እንደሚሞቱ ግን አልተመለሰልኝም። ይደረስበታል።

እሑድ፣ ኅዳር 8

የነዋሪዎች ስብሰባ ነበር። ባለቤቴ "ደክሞኛል፣ አንተ ሂድ" ብላ ቀረች። ሰብሳቢያችን የቀድሞ የባንክ ሰው ነው፣ ነገር ማሳጠር ይወዳል። የሊፍቱን ጉዳይ እንደገና ለሌላ ጊዜ አስተላለፈና "ስለ ገንዳው እርስዎ ያሉት ነገር አለ" አለኝ።

ተነሣሁ። ፋርማሲስቷ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

"ባለቤቴን በየማክሰኞው የት ነው የምትወስጃት? በነጭ ከረጢት የምታመላልሽው ምንድን ነው? ገንዳውን ከፍተሽ ምን ስትጨምሪ ነው የያዝኩሽ?"

ፊቷ አመድ መሰለ። "ጋሼ፣ ይህን እዚህ አይጠይቁኝ። ቤትዎ ይጠይቁ።"

"ደብቀሽ የሠራሽውን በአደባባይ መልሺ!"

"አልመልስም።"

"የደበቀችው ባይኖርማ ትናገር ነበር" አለ አንዱ ከኋላ። ሌላዋ "እኔም ስጠረጥራት ነበር" አለች፤ ጠርጥራት ግን አታውቅም። ሰብሳቢው ጉዳዩ የመድኃኒት ስለሆነ ለአሠሪዎቿ በጽሑፍ ይነገር አለ። እጅ ወጣ። የኔ እጅ ከሁሉም ቀድማ። ልጅቷ ተነሥታ ወጣች። ስታልፈኝ አየችኝ፤ አስተያየቷ የጥል አልነበረም። ብቻ አላማረኝም።

ቤት ገብቼ ያደረግሁትን ነገርኳት። እንደ ጀብዱ ነው የነገርኳት። ባለቤቴ ከሶፋው ተነሣች፣ ሹራቧን ደረበች፣ የደረጃውን ብረት ይዛ ወደ ታች ወረደች። ልከተላት ስል "እዚያው ቁም!" አለችኝ።

ይኸው ቆሜያለሁ። አልተመለሰችም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ታማለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ባለቤቴ እሑድ ሌሊት ተመልሳ ነገረችኝ፤ የበሽታውን ስም ግን እዚህ አላሰፍረውም።

ፋርማሲስቷ ነበረች ምልክቱን ቀድማ ያየችው። ባለቤቴ የሆድ ሕመም ማስታገሻ ልትገዛ ስትመላለስ ጠርጥራ፣ ወትውታ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ፈረቃዋን እየቀየረች አብራት ትሄዳለች። ያን ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ የያዘችው ከረጢት የምርመራው ውጤት ነበረበት። ለባለቤቴ እንዴት እንደምትነግራት ቸግሯት ነው ገንዳው ላይ የተደገፈችው።

ስብሰባው ላይ አንድ ቃል ብትናገር ነጻ ትወጣ ነበር። ለባለቤቴ ቃል ገብታላት ነበርና አልተናገረችም።

"ልጃችንም ታውቃለች?" አልኳት ዛሬ ባለቤቴን።

"ታውቃለች።"

"ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለእኔ ነው የተደበቀው። ለምን?"

"ጥፋተኛ ትፈልጋለሃ" አለችኝ። አልተቆጣችም፣ በርጋታ ነው። "ሐኪሙ ዘገየ ትላለህ። ልብስ ማቅለሚያው ፋብሪካ ውስጥ መሥራቴን ታነሣለህ። የእናቴን ዘር ትቆጥራለህ። ሰው ሲያልቅብህ ራስህን ትይዛለህ። እኔ ደግሞ በክስ መሃል መታመም አልፈለግሁም።"

ፋብሪካውን ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ነበር ያደርኩት። አልነገርኳትም።

ሳህኗን ስትገፋልኝ እየተቀበልኩ በላሁ። ደረጃው ላይ ትቻት ወጣሁ። "አምሮብሻል" አልኳት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ቢሆንም ሄድኩ።

ለባለቤቴ "ምን ልበላቸው?" አልኳት። "እውነቱን። ከእንግዲህ ምን እደብቃለሁ?" አለች። ከላይኛው ፎቅ ጀምሬ በየበሩ አንኳኳሁ። "ስብሰባው ላይ የተናገርኩት ሐሰት ነው። ባለቤቴ ታማ ነው፣ ልጅቷ እያሳከመቻት ነው።" አንዳንዱ አቀፈኝ። አንዷ "እኔማ ያን ጊዜም አላመንኩም" አለች፤ ያችው እጠረጥራት ነበር ያለችው ናት።

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። "ደብዳቤው እኮ ሰኞ ጠዋት ሄደ።"

ወደ ፋርማሲው ሮጥኩ፣ በዚህ ጉልበት። የፋርማሲው ባለቤት ልጅቷን እስኪጣራ ቤትሽ ቆዪ ብሎ አሰናብቷታል። እስኪጣራ! ቃሉ ከእኔ አፍ የወጣ መሰለኝ። መድኃኒት የሚገዛው ሰው ተሰልፎ እየሰማ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ውሸቱ የእኔ እንደሆነ ተናገርኩ። ሰውየው "ይበቃል አባት፣ ገባኝ" እስኪለኝ ድረስ አላቆምኩም። ነገ ትመለሳለች አለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሰብሳቢው የእንስሳት ሐኪም ጠርቶ ኖሯል፣ ከስብሰባው በፊት። ኮሌጅ የምታስተምር ጎልማሳ ሴት ናት። የታመመ ባለመብራት በመረብ አውጥታ በጎኑ አየችው፣ መሃሉ የነጣውን፣ ወገቡ የጎበጠውን።

"ማን ነው ያደረገው?" አልኳት።

"ማንም። የዚህ ዘር ደዌ ነው። ሲገዙ ጀምሮ በውስጣቸው ነበር፤ እስኪጠና አይታይም። ሌሎቹን ብዙም አይነካቸውም።"

"መድኃኒቱስ?"

"የለውም። የታመሙትን ለይቶ ማውጣት ነው፣ ለቀሩት ውሃውን ንጹሕ ማድረግ።"

"ቀድሜ አይቼው ቢሆንስ ኖሮ?"

"ያው ነበር።"

"አንድ ወር ቀድሜ ቢሆንስ? በደንብ እያየሁ ቢሆን፣ ምግብ መተዋቸውን፣ መቅጠናቸውን ያኔውኑ ባይ ኖሮ?"

ሴትዮዋ መረቧን አስቀመጠች። ክንዴን ያዝ አድርጋ "እስቲ ይቀመጡ አባቴ" አለችኝ። ረጅሙም ወንበር አመጣ። ሳልጠራው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ሁለተኛ ፎቅ ወርጄ አንኳኳሁ። በሩን በከፊል ከፈተችው።

"በድዬሻለሁ ልጄ። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

የበሩን እጀታ እንደያዘች፣ "ገና ነኝ ጋሼ" አለች። "ይቅር ብያለሁ ብል እዋሻለሁ። ሁሉም ሰው ዞሮ ሲያየኝ ምን እንደሚመስል አያውቁትም።"

"እውነትሽን ነው።"

"እትዬን ግን አልተውም። ማክሰኞ…"

"ማክሰኞ እኔ ነኝ የምወስዳት።"

እያመነታች አየችኝ። ከዚያ እንደ ሥራዋ ፈጠን ፈጠን እያለች ነገረችኝ፤ መድኃኒቱ ሲገባላት እንደሚበርዳት፣ ካልሲ እንድይዝ፣ የሽቶ ሽታ እንደሚያስጠላት፣ "በርቺ" ማለት እንዳላበዛ። ሁሉንም አጠናሁ። በሩ ተዘጋ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ወሰድኳት። አራት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ። ነርሷ "አስታማሚው ማን ነው?" ስትል እጄን አወጣሁ። ባለቤቴ ሳቀች፤ ለምን እንደሳቀች አልነገረችኝም። በርቺ ያልኳት አንዴ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

አብሬያት የሄድኩበት ሁለተኛው ከበደ። ታክሲ ውስጥ አስመለሳት። አፈረች። እኔ አላፈርኩም። ሾፌሩም ደግ ሰው ነው፣ መስኮቱን ከፈተና ስለ ዝናብ ማውራት ጀመረ።

ዛሬ ስለ ፋብሪካው አላሰብኩም። ጥቂት ብቻ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ሐኪሙ መድኃኒቱ እየሠራ ይመስላል አለ። "ይመስላል" ነው ያለው፤ እኔም ከዚያ አልጨምርም።

ስንመለስ ግን ደረጃውን አልቻለችም። ደግፌ እስከ ሁለተኛው ፎቅ አደረስኳት፣ እዚያ ጉልበቷ ከዳት። የእኔም ትንፋሽ አልቋል። ሁለታችንም ደረጃው ላይ ቁጭ አልን። እኔ ቀድሜያት አልወጣሁም።

በሩ ተከፈተ። ፋርማሲስቷ ወደ ሥራ ልትወጣ ነጭ ጋዋኗን በክንዷ ይዛለች። አየችን። ጋዋኑን መሬት ጣል አድርጋ በሌላው ጎን ከባለቤቴ ብብት ሥር ገባች።

"አራተኛ ድረስ አንችልም" አለች። "እኔ ጋ ትረፍ።"

የገዛ አልጋዋ ላይ አስተኛቻት። ብርድ ልብስ ደረበችላት፣ ከራስጌዋ ባልዲ አስቀመጠችላት። እኔ በሩ ላይ ቀርቼ ነበር።

"ምን ይጠብቃሉ? ይግቡ እንጂ።"

ገባሁ። ጋዋኗን አንሥቼ አቧራውን አራግፌ ሰጠኋት። ሰዓቷን አየች።

"ከዚህ በላይ ከዘገየሁ ሰውየው ይቆጣል። ወጥ ቤት ሾርባ አለ፣ ስትነሣ ያሙቁላት። ሲወጡ ቆልፈው ቁልፉን ለረጅሙ ይስጡልኝ።"

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እኔን ቤቷ ውስጥ ትታኝ ሄደች። ይቅር አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ይህን የምጽፈው እዚያው አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ነው። አሁን ባለቤቴ ዓይኗን ሳትከፍት፣

"የት ነው ያለነው?" አለችኝ።

"ሰው ቤት።"

"አልጋው ደስ ይላል" አለችና ተመልሳ ተኛች። አሁን የተኛ ሰው አተነፋፈስ ነው።